የጄኔራሉ እንቅልፍ

ሰውየው ወታደር ከመሆኑ በፊት የሲሚንቶ መኪና ነበር የሚነዳው። ከፋብሪካ ጭኖ፣ ሕንፃ የሚሠራበት ቦታ አራግፎ፣ ጢሙና ቅንድቡ አመድ መስሎ ማታ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ በር ላይ አስቁማ በመጥረጊያ ታራግፈው ነበር። ከዚህ የተለየ ኑሮ ተመኝቶ አያውቅም። ጦርነቱ ሲጀመር ግን መንጃ ፈቃድ ያለው ሁሉ ተጠራ፤ እሱም ተጠራ። ጥይት ወይም ዱቄት የሚያመላልስ መስሎት «እኔ የለመድኩት ከባድ መኪና ነው» አለ መዝጋቢው ፊት ሲቆም። መዝጋቢው ቀና ብሎ አየውና «ወሬ ትወዳለህ?» ሲል ጠየቀው።

«ኧረ እኔ! ሚስቴ እንኳ አፍህን የት ጥለኸው መጣህ ነው የምትለኝ።»

በዚህች መልስ የተነሳ የአንድ ኮሎኔል ጂፕ ተሰጠው። የቀድሞው ሹፌር ለፍላፊ ሆኖ ተባሮ ኖሯል።

ኮሎኔሉ ያን ጊዜ ስማቸውን ማንም የማያውቀው መኮንን ነበሩ። ቀጭን፣ ትከሻቸው ጎበጥ ያለ፣ መነጽራቸውን በመሐረብ ሲወለውሉ የሒሳብ አስተማሪ እንጂ ጦር አዛዥ የማይመስሉ። አይቆጡም፣ አይስቁም። ከኋላ ወንበር የቀኙን ጥግ ይዘው ካርታቸውን ጉልበታቸው ላይ ይዘረጉና «እንሂድ» ይላሉ። ሲደርሱ «ቁም» ይላሉ። ለወራት ከእነዚህ ከሁለቱ ሌላ ቃል አልተለዋወጡም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሹፌሩ ይህ ተስማምቶት ነበር። ወታደሮቹ ደግሞ «ጦሩን እሳቸው ይመሩታል፣ እሳቸውን ደግሞ መሪ የጨበጠው ይመራቸዋል» እያሉ ሲቀልዱ ቆይተው «መሪው» የሚል ቅጽል አወጡለት። ከዚያ ወዲህ በእናት ባባቱ ስም የጠራው ሰው ጥቂት ነው።

በጦርነቱ መጀመሪያ ወራት ነገር ሁሉ ተበላሸ። ጠላት ገፋ፤ ሠራዊቱ ያለ ቅጥ ተበታተነ። ኮሎኔሉ ግን የመጨረሻው ሆነው እንዲያፈገፍጉ ታዘው፣ ቁስለኛቸውን ሳይጥሉ፣ መድፋቸውን ሳይተዉ፣ እግር በእግር እየተዋጉ ወጡ። ጄኔራልነቱን ያመጣላቸው ይኸው ማፈግፈግ ነው። ሹፌሩም የሰውየውን ምስጢር ያወቀው በዚያው መንገድ ላይ ነበር።

አንድ ቀን ፀሐይ አናት ላይ ሆና፣ ቀጥ ባለ ጎዳና ላይ እየነዳ በስፖኪዮው ወደ ኋላ ቢያይ፣ የኮሎኔሉ መነጽር አፍንጫቸው ጫፍ ወርዷል፤ አፋቸው ገርበብ ብሏል፤ ካርታው እግራቸው ሥር ወድቋል። ተኝተዋል። ሆዱ ባባ። ስንት ቀን ዓይናቸውን እንዳልከደኑ ያውቃልና፣ አንድ ዛፍ ጥላ ሥር ቀስ ብሎ ጠጋ አለና አቆመ። ሞተሩ ዝም ከማለቱ፣

«ለምን ቆምክ?»

ዓይናቸው እንደ ድመት ዓይን ፍጥጥ ብሏል። ሌላም ቀን እንዲሁ ሆነ፤ በሌላም ቀን። በኋላ ገባው። እኚህ ሰው አልጋ ላይ ሲጋደሙ ጆሯቸው ይቆማል፤ ስልኩ የጮኸ፣ በሩ የተንኳኳ ይመስላቸዋል። መኪናው ሲሄድ ግን የሚያንኳኳ የለም፣ የሚጠራቸው የለም። ጎማው ሲሽከረከር እንደ ሕፃን ዥው ብለው ይተኛሉ፤ ጎማው ሲቆም ይነቃሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አነዳዱ ተለወጠ። ክላክስ የሚባል ነገር ረሳ። ፍሬን ሳይረግጥ በማርሽ ማቀዝቀዝ ለመደ። ጉድጓድ ከሩቅ ለይቶ መሸሽ፣ ጠባብ ቦታ ላይ ሳይቆም መዞር፣ የሚደረስበትን ቦታ አልፎ ሄዶ ሌላ ዙር መጨመር ያውቅበት ጀመር። ኮሎኔሉ በዚያው ሰሞን ጄኔራል ሆኑ፤ ይህን ያስተውሉ አያስተውሉ አልተናገሩም። ወታደሮቹ ግን በድንኳናቸው ውስጥ መብራት ሲጠፋ አይተው ስለማያውቁ «አይተኜ» ይሏቸው ጀመር። ስሙ ከምሽግ ምሽግ ዞረ፤ ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ ከተማ ውስጥ ልጆች የሚጫወቱበት ዘፈን ሆነ። አይተኜ አይተኛም፣ ጠላት አይገባም እያሉ።

ሹፌሩ ዘፈኑን ሲሰማ ፈገግ ይላል። እሱ ራሱ የሚተኛው ቁርጥራጭ ነበር። ጄኔራሉ ሲተኙ ይነዳል። ጄኔራሉ ሲነቁ ነዳጅ ይቀዳል፣ ጎማ ይቀይራል፣ ከኮፈኑ ሥር ገብቶ ዘይት በዘይት ይሆናል። በዚያ መሃል መሪው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ትንሽ ያሸልባል። ግንባሩ ላይ የመሪው ምልክት ተጋድሞ ስለሚታይ ወታደሮቹ «ማኅተም አረፈበት» እያሉ ይስቁበት ነበር።

ጦሩ እያፈገፈገ በመጨረሻ አንድ ትልቅ ወንዝ በድልድይ ተሻግሮ ዳሩ ላይ ሰፈረ። ከወንዙ ወዲህ የተዘጋ የጡብ ፋብሪካ አለ፤ ከፋብሪካው ጀርባ ከተማው። ከዚህ ወዲያ የሚኬድበት አልነበረም። ጄኔራሉ ማዘዣቸውን ጡብ የሚተኮስበት እቶን ውስጥ አድርገው፣ ግድግዳው ላይ ካርታ ሰቅለው፣ ቀንና ሌሊቱ ተደባልቆባቸው ሰነበቱ። ሹፌሩም ከውጭ ጂፑ ውስጥ ይጠብቃል። የሱ ሐሳብ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ ወሯ ገብቷል። ከከተማው ወጥታ፣ ከሌሎች ሴቶች ጋር፣ ርቆ ባለ ትንሽ ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ነበረች። እንደምንም ደፍሮ ለጄኔራሉ ምክትል ነገረው። ምክትሉ ቦርጫም፣ ሳቂታ፣ ሰው የሚሰማ ሰው ነበር።

«ነገ እኩለ ቀን ላይ ቁስለኛ የጫነ መኪና ወደዚያው ይሄዳል» አለው። «ጋቢና ውስጥ ቦታ ይዤልሃለሁ። ሂድና እቀፋት፤ ቶሎ ተመለስ።»

በማግስቱ ጠዋት ሹፌሩ ሸሚዙን አጥቦ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ ቦርሳውን ሲያስር ምክትሉ ከእቶኑ ወጥቶ መጣ። ፊቱ ላይ ሳቁ የለም።

«መሪው፣ ሰውየውን አስተኛልኝ።»

«ምን ሆኑ ጌታዬ?»

ምክትሉ ወደ ኋላው ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዛሬ ማታ ድልድዩን ተሻግረን እንምታቸው እያሉ ነው። ሄደን እንሙት ማለት ነው። አይሆንም ብል ጮሁብኝ። እሳቸው ሲጮሁ ሰምተህ ታውቃለህ? ከዚያ ደግሞ የምህንድስናውን ሻምበል ጥሩልኝ አሉ።»

ሹፌሩ ደነገጠ። የምህንድስናው ሻምበል ባለፈው ሳምንት ሞቷል። ሲቀበር ጄኔራሉ ራሳቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመው ነበር።

«አልጋ ላይ አይተኙም ጌታዬ» አለ ሹፌሩ።

«አውቃለሁ። ሌላው ባያውቅ እኔ አውቃለሁ። ለምን ወዳንተ የመጣሁ ይመስልሃል?» ምክትሉ የታሰረውን ቦርሳ አየ። «ትደርሳለህ። ገና ጠዋት ነው። ትንሽ ዓይናቸውን ያሳርፉ ብቻ።»

ምክትሉ ለጄኔራሉ በቀኝ በኩል ያለውን ምሽግ እርስዎ ካላዩት አይሆንም ብሎ ነገራቸውና ወጡ። የጂፑን በር መክፈት አቅቷቸው ሹፌሩ ከፈተላቸው። «እንሂድ» አሉ። የፋብሪካውን አጥር ሳያልፉ ተኙ።

ከጡብ ፋብሪካው እስከ አንድ የዱቄት ወፍጮ የሚደርስ ቀጥ ያለ መንገድ ነበር። ዳርና ዳሩ ላይ የነበሩት ዛፎች ለማገዶ ተቆርጠው ጉቶዎቻቸው ብቻ ቀርተዋል። ሹፌሩ በዚያ መንገድ ይሄዳል፤ ወፍጮው ጋ ሰፊው ግቢ ውስጥ ሳያቆም ይዞራል፤ ይመለሳል፤ ፋብሪካው ጋ ይዞራል። ከወንዙ ማዶ አልፎ አልፎ መድፍ ይጮሃል። ሩቅ ይወድቃል። ለመድፉ ጄኔራሉ ቅንጣት አይነቃነቁም፤ ጎማው ጠጠር ላይ ሲወጣ ግን ቅንድባቸው ይሸበሸባል። ፀሐይዋ ከፍ እያለች መጣች። ሹፌሩ አንዴ መንገዱን፣ አንዴ ስፖኪዮውን፣ አንዴ ፀሐይዋን ያያል።

እኩለ ቀን ሲሆን የቁስለኞቹ መኪና ከፋብሪካው በር ወጥቶ መንገድ ዳር ቆመ። ነጂው አንገቱን አውጥቶ ሲያማትር ቆየና ጂፑን አይቶ ክላክሱን አምባረቀው። ከኋላ ጄኔራሉ ተገላበጡ። ሹፌሩ በመኪናው አጠገብ ሲያልፍ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ ለነጂው ምልክት ሰጠው።

«መሪው! ና እንጂ! ምን ትዞራለህ?» አለው ነጂው።

ሹፌሩ አልቆመም። ወፍጮው ጋ ደርሶ ሲመለስ መኪናው አሁንም እዚያው ነበር። በመስኮት እጁን አውጥቶ ሂድ አለው። ነጂው ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ ከጀርባው ቁስለኞቹ ያቃስታሉ፤ ስለማን ብሎ ይቆያል። ሄደ። ሹፌሩ በስፖኪዮው ውስጥ የጄኔራሉን ያዘነበለ ራስ፣ ከራሱ በስተኋላ ደግሞ እየራቀ የሚሄደውን አቧራ አየ። እግሩ ፍሬኑ ላይ ሊያርፍ ምንም አልቀረውም ነበር። ቢያቆም፣ ሰውየው ይነቃሉ። ቢነቁ፣ ማታ ጦሩ ድልድዩን ይሻገራል። ይህን ሁሉ በቅጡ አስቦት ይሁን እግሩ ብቻ አስቦለት፣ ኋላ ስንቴ ራሱን ቢጠይቅ መልስ አላገኘም። አቧራው ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ነበርና አልቅሶም እንደሆነ አያውቅም።

ነዳጁ አልቆ ሞተሩ እያሳለ ቀጥ ሲል፣ ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቂያዋ ሄዳለች። ጄኔራሉ ነቁ። መነጽራቸውን በመሐረባቸው ወልውለው አደረጉና ወንዙን ለረጅም ጊዜ አዩ።

«ዛሬ ማታ እንሻገር ብዬ ነበር?»

«እኔ አልሰማሁም ጌታዬ።»

«ብያለሁ» አሉና ወርደው በእግራቸው ወደ ፋብሪካው ሄዱ። ትዕዛዙ ተሰረዘ። ጦሩ በጡቡ ክምር መሃል ተደብቆ ጸጥ አለ። ጠላት ሰው የቀረ ስላልመሰለው በማግስቱ ራሱ ድልድዩን ተሻግሮ መጣ፤ ወጥመድ ውስጥም ገባ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ለተማሪ ይተረካል፤ ሐውልት ቆሞለታል። ጦርነቱ የተገለበጠው በዚያ ቀን ነው። አይተኜ ሳይተኙ ሌሊቱን ያወጡት ዘዴ ነው ተባለ።

ሹፌሩ ሚስቱን ያያት ከዚያ ሳምንታት ቆይቶ ነው። የትምህርት ቤቱ ኮሪደር ላይ፣ ሁለት የተማሪ ወንበር ተገጣጥሞ በተሠራ አልጋ ላይ ተቀምጣ ሕፃኗን ታጠባለች። ምጡ የመጣባት እሱ ጄኔራሉን ሲያዞር የዋለ ቀን ነበር። ሐኪም አልነበረም፤ ደም ፈሷት ከሞት አፋፍ ተመልሳለች፤ ከእንግዲህ ሌላ ልጅ እንደማይኖራት ነግረዋታል። ሰውነቷ አልቆ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል። ውሸት ስለማይችልበት ሁሉንም እንዳለ ነገራት፤ መኪናው እንዴት እንዳመለጠው፣ ለምን እንዳላቆመ። ሳታቋርጠው ሰማችው።

«ጄኔራሉ ደህና ተኙ?» አለችው።

«ተኙ።»

«እሰይ» አለች፣ ሕፃኗንም ወደ ሌላኛው ጡቷ አዞረች። ስለዚያ ቀን ለብዙ ዓመታት ሌላ ነገር አልተናገረችም።

ጦርነቱ ግን ገና ነበር። ሹፌሩ ለፈቃድ ሲመጣ ልጅቷ እናቷ ቀሚስ ሥር ትሸጎጣለች። አፍ ስትፈታ «ጋሼ» ብላ ጠራችው። «ጋሼ አይደለም፣ አባዬ በይ» ብትላት እናቷ፣ «አባዬ ጦር ሜዳ ነው» ብላ ድርቅ አለች። ካደገች በኋላም ስትቆጣ ጋሼ፣ የምትፈልገው ነገር ሲኖር አባዬ ትለዋለች።

ድል ሲሆን ሰልፍ ተደረገ። ጄኔራሉ ክፍት መኪና ውስጥ ቆመው እጃቸውን ያነሳሉ፤ ከግራ ከቀኝ ሕዝቡ አበባ ይወረውራል። ሹፌሩ የዚያን ቀን የሚያስታውሰው የፊት ለፊቱን ሞተር ብስክሌት ጎማ ብቻ ነው። መኪናው በሰው እርምጃ ነበር የሚሄደው፤ እንቅልፉ ተናንቆት ጭኑን ሲቆነጥጥ ዋለ። ማታ ሚስቱ ሱሪውን ሲያወልቅ አየችና «ምን ነክቶህ ነው እንዲህ የበለዘው?» ብትለው «ደስታ ነው» አላት።

ጄኔራሉ ከዚያ በኋላ የሠራዊቱ የበላይ ሆኑ። ጂፑ ቀርቶ ጥቁር ረጅም መኪና መጣ። ግን የቢሮ ጦርነት አልሆነላቸውም። ስብሰባ ላይ ቁጭ ብለው ይቆዩ ይቆዩና አንድ ነገር ተናግረው ሁሉንም ያስቀይማሉ። እግራቸው የተቆረጠ ወታደሮች በየበሩ ለምን ይለምናሉ ብለው ጠየቁ። አሁንም ጠየቁ። ጥርስ ውስጥ ገቡ። በመጀመሪያ የጦርነቱን ታሪክ ይጻፉ ተብሎ አሳንሰሩ የማይሠራ ሕንፃ አናት ላይ ቢሮ ተሰጣቸው። ጠረጴዛ አለ፣ ስልክም አለ፤ ስልኩ ግን አይጮህም። ቀጥሎ በክብር ጡረታ ወጡ። ሹፌሩም ምስጋና የተጻፈበት ወረቀት ተሰጥቶት ተሰናበተና የከተማ አውቶቡስ መንዳት ጀመረ።

አውቶቡስ መንዳት ለጄኔራል ከመንዳት ይለያል። ሁሉም ይጮህብሃል፤ ቁም ይሉሃል፣ ለምን ቆምክ ይሉሃል። እሱ ግን አልጠላውም። የሥራ ሰዓቱ ሲያበቃ ቤቱ ይገባል፤ እግሩን በሞቀ ውኃ ይነክራል፤ ልጁ ትምህርቷን ስታነብ ያዳምጣል። እንደ ሰው መተኛት ገና እየለመደ ሳለ ነው የጄኔራሉ ባለቤት በሩን ያንኳኩት።

ሚስቱ ናት የከፈተችላቸው። ሴትዮዋ ጥሩ ካፖርት ለብሰዋል፤ ፊታቸው ግን እንደታመመ ሰው ገርጥቷል። ሻይ ቀረበላቸው፤ አልነኩትም።

«አይተኙም» አሉ። «ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ዓይናቸውን አልከደኑም ማለት ይቻላል። ሐኪሙ ኪኒን ሰጣቸው፣ አልሆነም። ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲሉ እኔም አብሬ አለቅኩ። ትናንት ምን አሉኝ መሰለህ? መሪው ቢኖር አሉ።» ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞሩ። «እህቴ፣ እንደማስቸግር አውቃለሁ።»

ሚስቱ ያልተነካውን ሻይ ጠጋ አደረገችላቸው። «እመጣለሁ እትዬ» አለ ሹፌሩ።

እንግዳዋ ሲወጡ ሚስቱ ብርጭቆውን አነሳችና እጇ ላይ ይዛው ቀረች።

«ጦርነቱ ለሁሉ ሰው አልቋል» አለች። «ላንተ ብቻ ነው እንዴ ያላለቀው?»

«ሽማግሌ ናቸው። ትንሽ ዞር ዞር ላድርጋቸው ብዬ ነው።»

«ያኔም ትንሽ ዞር ዞር ነበር።»

ያንን ቀን ስታነሳ የመጀመሪያዋ ነበር። እሱ ጫማውን ሲፈታና መልሶ ሲያስር ቆየ።

እንዲህ ሆኖ ሌላ ሕይወት ተጀመረ። ሹፌሩ ከንጋት ጀምሮ አውቶቡስ ይነዳል፤ ከሰዓት በኋላ ፈረቃውን ሲጨርስ በቀጥታ ወደ ጄኔራሉ ቤት ይሄዳል። አሮጌ ሰማያዊ መኪና ነበረቻቸው። ሽማግሌው ኮታቸውን ለብሰው ኋላ ይገባሉ፣ የቀኙን ጥግ ይይዛሉ፣ «እንሂድ» ይላሉ። ከከተማ ወጣ ባለው አስፋልት ላይ ይነዳቸዋል። ሲመሽ ይመልሳቸዋል። ፊታቸው ላይ ደም ተመለሰ። ከሹፌሩ ፊት ላይ ግን ደሙ እየሸሸ ሄደ። ልጁ አድጋ መድኃኒት ቤት ተቀጥራ ነበርና ቫይታሚን ታመጣለታለች። «ጋሼ፣ ላንተ የሚያስፈልግህ ይህ አይደለም፣ እንቅልፍ ነው፤ ለሽማግሌህ ንገራቸው» እያለች ትነጫነጫለች። የአውቶቡሱ ቲኬት ቆራጭ ደግሞ ቀይ መብራት ላይ በቆሙ ቁጥር «መሪው፣ ነቅተሃል?» ማለት ልማዱ ሆነ። ዓመታት እንዲህ አለፉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ ለስለስ ብሎ፣ መንገዱ ጭር ብሎ እየነዳ ነበር። ዓይኑ ተከፍቷል። መንገዱንም የሚያይ ይመስለው ነበር። የሰማው ድምፅ እንደ ጣውላ ክምር መናድ ያለ ነው። ቀጥሎ ቲማቲም በመስታወቱ ላይ ሲፈስ አየ።

አንዲት አትክልት ሻጭ መንገድ ዳር የሠራችው መደብ ላይ ነው የወጣው። ሴትዮዋ ውኃ ልትቀዳ ተሻግራ ነበርና ፈጣሪ አወጣት። ጀሪካኗን ጥላ እየሮጠች መጣች።

«ሰው በላ! ቲማቲሜን! መንገዱ አይበቃህም ወይ? አስፋልቱ ሁሉ ያንተ፣ እኔ የያዝኩት ይቺን ክንድ የማትሞላ ቦታ! ጠጥተህ ነው?»

«አልጠጣሁም እናቴ» አለ ሹፌሩ። የመኪናውን በር ይዞ ቆመ። «ተኝቼ ነው።»

ጄኔራሉ ከኋላ ወረዱ። መነጽራቸው ተሰብሯል፤ ቀኝ ትከሻቸውን በግራ እጃቸው ይዘዋል። መደቡን አዩ፤ መኪናውን አዩ፤ ከዚያ ሹፌራቸውን አዩት። ያለ መነጽር ስለነበሩ ፊታቸውን በጣም አስጠግተው ነበር ያዩት፤ እንዲህ አስጠግተው አይተውት አያውቁም።

«ለመሆኑ አንተ መቼ ነው የምትተኛው?»

ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ይህን ሲጠይቁት የመጀመሪያቸው ነው።

«እኔ እንጃ ጌታዬ» አለ ሹፌሩ።

«ኋላ ግባ።»

«ጌታዬ፣ ትከሻዎን...»

«ግባ ነው የምልህ። ትዕዛዝ ነው።»

ገባ። ጉልበቱን አጥፎ ወንበሩ ላይ ተጋደመ። ሽማግሌው በሩን ዘጉና፣ የተጎዳ ትከሻቸውን ይዘው፣ በሩ ሥር ቆሙ። ሰው ተሰበሰበ። ትራፊክ ፖሊስ መጣ። ለሁሉም ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «ቀስ፣ ሰው ተኝቷል» ይላሉ። አትክልት ሻጯ ወገቧን ይዛ ስታያቸው ቆየችና «ጉድ እኮ ነው! ቲማቲሜን ጨፍልቆ፣ አሁን ደግሞ ቀስ በሉ ይባላል!» አለች። ቢሆንም ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው ያለችው። ሽማግሌው ያልፈረጡትን እየለቀሙ ሊሰጧት ቢጎነበሱ «ይተዉት አባቴ፣ ይተዉት» ብላ እጃቸውን ያዘች። በማግስቱ የጄኔራሉ ባለቤት አናጢ ይዘው መጥተው ከበፊቱ የተሻለ መደብ አሠሩላት።

ክሬኑ ሲመጣ ሹፌሩን ቀሰቀሱት። በክሬኑ ጋቢና ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ጎን ለጎን ተቀምጠው አያውቁም ነበር። ክሬኑ እየጎተተ፣ እየተንገጫገጨ ይሄዳል። ጄኔራሉ አልተኙም።

«ያኔ፣ ጡብ ፋብሪካው ጋ» አሉ ድንገት። «የምትሄድበት ነበረህ አሉ።»

«ማን ነገረዎት?»

«ምክትሌ። ድሮ ነው የነገረኝ።»

ሹፌሩ መንገዱን አየ። «አዎ ጌታዬ። ነበረኝ።»

«ለምን አላቆምክም?»

«ባቆም ይነቁ ነበራ።»

ብዙ ሄዱ። ክሬን ነጂው የማይሰማ ለመምሰል በፉጨት ያንጎራጉራል።

«ልጅቷ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። መድኃኒት ቤት ትሠራለች።»

«እናትየዋስ?»

«እሷም አለች።»

ጄኔራሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቤታቸው በር ላይ ሲወርዱ ግራ እጃቸውን ዘርግተው ጨበጡትና «ከነገ ጀምሮ አትምጣ» አሉት። ያለ ቁጣ ነበር። ሹፌሩ ከዚያ በኋላ የሄደው አልፎ አልፎ፣ እንደ እንግዳ ነው። በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ። ጄኔራሉ አይተኙም፤ ሹፌሩም አያስተኛቸውም። ስለ አየሩ፣ ስለ ጉልበት ሕመም ያወራሉ። ሽማግሌው እንቅልፍ ማጣቱን እንደ አመል ይዘውት ኖሩ፤ በዚያው አመላቸው ከሁለት ክረምት በኋላ ሞቱ።

ቀብሩ ትልቅ ነበር። ያኔ ሕንፃ አናት ላይ የሰቀሏቸው ሰዎች የፊት ወንበር ያዙ። አንዱ ከሌላው እየተቀበለ ስለማይተኛው አዛዥ ተናገረ። ሹፌሩ ከሚስቱና ከልጁ ጋር ወደ ኋላ ቆሞ ነበር። ቦርጩ የጠፋው፣ በምርኩዝ የሚሄደው ምክትል ከሩቅ አየውና ባርኔጣውን ብድግ አደረገለት። ልጁ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ «ለምን አትናገርም? አንተ እኮ ታውቃለህ» አለችው።

«ምኑን?»

«መተኛታቸውን።»

«ተኝተው ነበር ብዬ ቀብር ላይ ልናገር?» አለ። ሚስቱ ሳቋ መጣና አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ እሱም እሷን ሲያይ መጣበት፤ ባልና ሚስቱ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ያለቀሱ እየመሰሉ አንገታቸውን ደፉ።

ከሳምንት በኋላ የጄኔራሉ ባለቤት አስጠሩት። የመኪናዋን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡለት። «ውሰዳት። ካንተ በቀር የነዳት የለም» አሉ። ሹፌሩ ቁልፉን በቀስታ ወደ እሳቸው ገፋውና «ደክሞኛል እትዬ» አለ። ሴትዮዋ አልተቀየሙም።

ቤቱ ሲገባ ለሚስቱና ለልጁ ነገራቸው። ልጁ ብልጭ አለባት።

«መኪና! መኪና እኮ ነው የሰጡህ! ካልነዳሃት እኔ እነዳታለሁ፤ ወይ እንሸጣታለን። ሰው እንዴት መኪና አልፈልግም ይላል?»

«ፍሬኗ ደካማ ነው» አለ።

«ፍሬን ይሠራል!»

«የት ልናቆማት ነበር?» አለች ሚስቱ ከምድጃው በኩል። «እዚህ ሰፈር ጋሪ እንኳ አያልፍም።»

«እናንተ ሁለታችሁ ተመሳስላችኋል» ብላ ልጅቷ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፤ ወዲያው ደግሞ ዳቦ ይዛ ተመለሰችና ሾርባው እስኪደርስ አኩርፋ ተቀመጠች። በሉ። ዝናብ መጣል ጀምሮ በማዕዘኑ በኩል ጠብ ጠብ ይላል፤ ሚስቱ ተነስታ ባልዲ አስቀመጠችበት።

«ነገ የምትሄድበት አለህ?» አለችው።

«የለኝም።»

«ከነገ ወዲያስ?»

«ከነገ ወዲያም የለኝም።»

ሊሰነብት እንደመጣ ዘመድ ከራስ እስከ እግሩ አየችው። «እንግዲያው ይህን ጣሪያ ሥራው» አለች። «የማፍሰሱ ነገር አሁን አይደለም የጀመረው።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ ፀሐይ ወጣ። ከጎረቤት መሰላል ተዋሰ። ልጁ ሥራ ከመሄዷ በፊት እያጉረመረመች ከሥር ይዛለት፣ ሚስቱ ምስማሩን በጣሳ አቀብላው፣ ቆርቆሮው ላይ ወጣና ቀዳዳውን በእጁ እየዳሰሰ መፈለግ ጀመረ።